በጋሎን 5 ሴንት፦ የፈጠራ ሰዎችና የመጠጥ ኩባንያዎች ውል እንዴት ይሠራል?

ነገሩ የተነሳው ከሽንት ነው። በ1965 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ምክትል አሰልጣኝ የነበረው ድዌይን ዳግላስ፣ ልጆቹ በጨዋታ ቀን ሽንታቸው የማይመጣው ለምን እንደሆነ የዩኒቨርሲቲውን የኩላሊት ሐኪም ዶክተር ሮበርት ኬድን ጠየቃቸው። በፍሎሪዳ ሙቀት አንድ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ እስከ 8 ኪሎ ሊቀንስ ይችል ነበር። የሚቀንሰው ታዲያ ሥጋ ሳይሆን ላብ ነው። ለሽንት የሚተርፍ ውሃ በሰውነታቸው ውስጥ አልነበረም።

ዶክተር ኬድና አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩት ዳና ሻየርስ፣ ጄምስ ፍሪ እና አሌሃንድሮ ዴ ኬሳዳ የተጫዋቾቹን ላብና ደም መረመሩ። ጨዋቸው አልቋል፣ የደም ስኳራቸው ወርዷል፣ የደማቸውም መጠን ቀንሷል። እንግዲህ የወጣውን መመለስ ነው፦ ውሃ፣ ጨው፣ ስኳር። ሐኪሞቹ ይህን ቀላቅለው ሲቀምሱት ግን ለራሳቸውም አልዋጥ አላቸው። የሎሚ ጭማቂ ቢጨመርበትስ ያሉት የዶክተሩ ባለቤት ሜሪ ኬድ ናቸው። ሎሚ ገባበት፤ ተጠጣ። (እንዲህ ያለ የወጥ ቤት ምክር በሕግ ዓይን “ፈጠራ” ይባላል ወይስ አይባልም የሚለው ጥያቄ፣ በመካከሉ ገንዘብ ከገባ፣ ጠበቆችን ዓመታት ሊያከራክር ይችላል።)

ዋና አሰልጣኙ ሬይ ግሬቭስ መጠጡ በመጀመሪያ በአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹ ላይ እንዲሞከር ፈቀዱ። ልጆቹ ከተጠባባቂው ቡድን ጋር ሲጋጠሙ በመጀመሪያው አጋማሽ ተበልጠው ቆዩ፤ በሁለተኛው አጋማሽ ግን ሌላው ሲደክም እነሱ በረቱ። ግሬቭስ ይህን አይተው ለማግስቱ የሉዊዚያና ስቴት ጨዋታ እንዲዘጋጅላቸው ጠየቁ። ሙቀቱ 39 ዲግሪ ገደማ ነበር። ፍሎሪዳ 14 ለ 7 አሸነፈ። በጥር 1967 ደግሞ በኦሬንጅ ቦውል ጆርጂያ ቴክን 27 ለ 12 ሲረታ፣ በቡድኑ መጠሪያ “ጌተርስ” ተንተርሶ “ጌቶሬድ” የተባለው መጠጥ ስሙ በአገሩ ሁሉ ተሰማ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የውል ታሪክ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው። አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች አዲስ መጠጥ ይሠራሉ፤ አንድ ትልቅ ኩባንያ ያመርተዋል፣ ይሸጠዋል። ባለቤቱ ማን ነው? ከሽያጩ ለማን ስንት ይደርሳል? እስከ መቼ? ጌቶሬድ ሦስቱንም ጥያቄ አንድ በአንድ ስላለፈባቸው ለማስረዳት ከእሱ የተሻለ ጉዳይ አላገኘሁም። (ከአገራችን አዋጆች ቁጥር በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዶክተር ኬድ መጠጡን መጀመሪያ ያቀረቡት ለራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ፍላጎት አላሳየም። ለማምረት ገንዘብ ማውጣት፣ ጠርሙስ መግዛት፣ ሱቅ ለሱቅ መዞር የትምህርት ቤት ሥራ አይደለም ብሎ ይሆናል፤ በዚያ ዘመን የስፖርት መጠጥ የሚባል ገበያም አልነበረም። እናም በ1967 ሐኪሞቹ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ከሚገኘው ስቶክሊ ቫን ካምፕ ከተባለ የታሸገ ምግብ አምራች ጋር ተዋዋሉ። ኩባንያው የሚታወቀው በቆርቆሮ ባቄላው ነበር። ሐኪሞቹ መብቱን ጠቅልለው በ1 ሚሊዮን ዶላር ሊሸጡ ጠይቀው ነበር ይባላል። ኩባንያው በዛብኝ አለ። በምትኩ 25 ሺህ ዶላር ቅድሚያ፣ ከዚያ በኋላ ከተሸጠው ከእያንዳንዱ ጋሎን 5 ሴንት ሊሰጣቸው ተስማሙ።

ይህች 5 ሴንት ናት ሮያሊቲ የምትባለው። ነገሩ ለገበሬ ልጅ እንግዳ አይደለም። መሬቱን የሸጠ ሰው ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም አያገባውም። መሬቱን ለእኩል ወይም ለሲሶ የሰጠ ግን ምርቱን እየጠበቀ ይኖራል፤ ሲያምር ይደርሰዋል፣ ሲከፋ አብሮ ይራባል። የፈጠራ ሰውም እንደዚሁ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ጠቅልሎ ሸጦ ዛሬ ገንዘቡን ይቆጥራል፤ ወይም መብቱን እንደያዘ ለኩባንያው የመጠቀም ፈቃድ ሰጥቶ ከሽያጩ ድርሻ ይወስዳል።

ጠቅልሎ መሸጥ ስህተት ነው አልልም። የቤት ኪራይ የሚጠብቀው፣ ዕዳ ያለበት፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ዛሬ በእጁ የሚገባውን መምረጡ አያስነቅፈውም። ሁለቱ ምርጫዎች የሚያመጡት ልዩነት ግን ምን ያህል እንደሆነ የኮካ ኮላን አመጣጥ ያየ ያውቃል። በ1886 አትላንታ ውስጥ መጠጡን የሠሩት ፋርማሲስቱ ጆን ፔምበርተን ታመውና ገንዘብ አጥሯቸው ድርሻቸውን እየቆራረሱ ሸጡ፤ በ1888 ሞቱ። ነጋዴው ኤሳ ካንድለር የኮካ ኮላን መብት በሙሉ ሰብስቦ እጁ ለማስገባት ያወጣው ገንዘብ 2,300 ዶላር ገደማ ነው። ከተሸጠው ብርጭቆ ላይ ለፔምበርተን ቤተሰብ የሚቆረጥ አንዳች ሴንት አልነበረም።

የሚገርመው ካንድለርም በተራው ተሸወደ። በ1899 ሁለት የቻታኑጋ ጠበቆች መጥተው መጠጡን በጠርሙስ የመሸጥ መብት ለአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት ሲጠይቁት፣ ጠርሙስ የትም አይደርስም ብሎ በ1 ዶላር ሰጣቸው። ውሉ ሽሮፑ የሚሸጥበትን ዋጋ ቆርጦ ያስቀመጠ ነው፤ የሚያበቃበት ቀን ግን አልተጻፈበትም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የስኳር ዋጋ ጣሪያ ሲነካ ኩባንያው በቆረጠው ዋጋ ታሰረ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ የሽሮፑ ዋጋ ከስኳር ዋጋ ጋር እንዲሄድ የተስማሙት በ1921 ነው። በውል ላይ የተቆረጠ ቁጥር ዘመን ሲለወጥ የትኛውንም ወገን ሊጎዳ ይችላል፤ ኮካ ኮላን የጎዳው ኬድንም ሊጎዳ ይችል ነበር።

እስቲ እናስላው። አንድ ጋሎን ወደ 3.8 ሊትር ነው። አንድ ሚሊዮን ጋሎን ከተሸጠ በጋሎን 5 ሴንት ሲታሰብ 50 ሺህ ዶላር ይሆናል። ደህና ገንዘብ ነው። ነገር ግን የጠርሙሱ ዋጋ ከዓመት ዓመት እያደገ በእጥፍ፣ በሦስት እጥፍ ቢጨምርም 5 ሴንቷ ያው 5 ሴንት ናት። ስለዚህ ብዙ ሰዎች በቁጥር ከተቆረጠ ክፍያ ይልቅ በመቶኛ የተሰላውን ይመርጣሉ፤ ዋጋው ሲያድግ ድርሻቸውም አብሮ ያድግላቸዋል። የጌቶሬድ ሐኪሞችም ከጊዜ በኋላ ወደ መቶኛ ተሸጋግረዋል፤ በ2015 በወጡ ዘገባዎች መሠረት የሚደርሳቸው እንደ ሽያጩ መጠን ከ1.9 እስከ 3.6 በመቶ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ከቢሊዮን ዶላር ሽያጭ ላይ 2 በመቶ ግን 20 ሚሊዮን ዶላር ነው።

መቶኛ ሲባል ግን የምን መቶኛ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ከጠቅላላ ሽያጭ ሊሆን ይችላል፤ ተመላሽ ዕቃ፣ ቅናሽና ግብር ከተነሳለት የተጣራ ሽያጭ ሊሆን ይችላል፤ ከትርፍም ሊሆን ይችላል። “ከትርፍ 30 በመቶ” የሚል ውል “ከሽያጭ 2 በመቶ” ከሚለው ሲነበብ ያምራል። በተግባር ግን ትርፍ በሒሳብ ሠራተኛ እጅ የሚወጣና የሚወርድ ነገር ነው። የዳይሬክተሩ ደመወዝ፣ የማስታወቂያው ወጪ፣ የእህት ኩባንያው የአገልግሎት ክፍያ ተቀንሶ ተቀንሶ ዜሮ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ኩባንያ አላተረፍኩም ማለት አይቸግረውም፤ መደርደሪያው በዕቃው ተሞልቶ ሳለ አልሸጥኩም ማለት ግን ይቸግረዋል። የእኔ ምክር ትንሹን የሽያጭ መቶኛ መያዝ ነው።

ወደ ሐኪሞቹ እንመለስ። ገንዘቡ ለእያንዳንዳቸው በየፊናው እንዲከፈል አላደረጉም። ጌቶሬድ ትረስት የሚባል የአደራ ተቋም አቋቁመው፣ ኩባንያው ለእሱ እንዲከፍል፣ እሱ ደግሞ ለባለድርሻዎቹ እንዲያከፋፍል አደረጉ። ይህ ከሚታየው በላይ ብልህ እርምጃ ነው። አንድ ላይ የፈጠሩ ሰዎች ድርሻቸውን ገንዘቡ ሳይመጣ በወረቀት ካላሰፈሩ፣ ገንዘቡ ሲመጣ ወዳጅነታቸው ይበተናል። ኩባንያውም ቢሆን አንድ ጊዜ ለሻየርስ፣ አንድ ጊዜ ለፍሪ እየከፈለ አንዱን ከሌላው ጋር ለማጣላት ዕድል አያገኝም። አንዱ ባለድርሻ ሲሞትም ለልጆቹ የሚተላለፈው የመጠጡ አሠራር ሳይሆን የተወሰነ ድርሻ ነው። ዶክተር ኬድ በ2007 በ80 ዓመታቸው ሲያርፉ ክፍያው ለአንድ ቀን እንኳ የሚቋረጥበት ምክንያት አልነበረም።

መጠጡ ሲሸጥና ገንዘቡ ሲታይ ግን “አንፈልገውም” ያለው ዩኒቨርሲቲ መጣ። ፈጠራው የተሠራው በእኔ ቤተ ሙከራ፣ በእኔ ደመወዝተኛ፣ በእኔ ተማሪዎች ላይ ተሞክሮ ነው አለ። የፌዴራል መንግሥቱም ተከተለ፤ የዶክተር ኬድ የምርምር ገንዘብ በከፊል የመጣው ከብሔራዊ የጤና ተቋማት ነበርና። ዶክተሩ በበኩላቸው የፈጠራ መብታቸውን ለዩኒቨርሲቲው የሚያስተላልፍ ሰነድ ላይ አልፈረሙም ነበር ይባላል። ለጥቂት ዓመታት ተካሰሱ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በተደረሰው ስምምነት ዩኒቨርሲቲው ከሮያሊቲው 20 በመቶ እንዲወስድ፣ 80 በመቶው ለትረስቱ እንዲቀር ተወሰነ።

በዚህ ክርክር እውነቱ ወደ ማን ያደላል? እኔ ዩኒቨርሲቲው ባዶ እጁን መቅረት አልነበረበትም ባይ ነኝ። መብራቱ፣ መርፌው፣ የደም መመርመሪያው፣ የፉትቦል ቡድኑ ሁሉ የእሱ ነው። ሲቀርብለት አይሆንም ብሎ ሲከብር የሚመጣ ግን ሙሉ ድርሻ መጠየቅ አይገባውም። 20 በመቶው ለዚህ ሚዛን ቅርብ ነው። ለዩኒቨርሲቲው ደግሞ የከፋ ዕጣ አልነበረም፤ እስከ 2010ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከዚህች ድርሻ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝቷል። ትረስቱ በበኩሉ የሰበሰበው በ2015 ከ1 ቢሊዮን ዶላር ማለፉ ተዘግቧል።

ዛሬ እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ የሚቀንሰው ሰዎች አስቀድመው ስለሚፈርሙ ነው። አሜሪካ በ1980 ባወጣችው ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት ገንዘብ የተገኘን ፈጠራ ይዘው እንዲያስተዳድሩ ተፈቅዶላቸዋል፤ ተመራማሪዎችም ሲቀጠሩ የመብት ማስተላለፊያ ይፈርማሉ። በአገራችን የፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ደግሞ በሥራ ወይም በአገልግሎት ውል አፈጻጸም የተገኘ ፈጠራ፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ካልተጻፈ በቀር፣ የአሠሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ሰው ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። በመጠጥ ፋብሪካ ላብራቶሪ ተቀጥሮ አዲስ ጣዕም የሚቀምም ባለሙያ፣ ቅመማው ሥራው እስከሆነ ድረስ፣ የቅጥር ውሉ ዝም ካለ መብቱ የፋብሪካው ነው። የተለየ ነገር ከፈለገ የሚደራደረው ሲቀጠር እንጂ መጠጡ ገበያ ከወጣ በኋላ አይደለም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ፦ እስከ መቼ? ይህ የሚወሰነው ኩባንያው የሚከፍለው ለምን እንደሆነ ነው። ለፓተንት፣ ማለትም ለተመዘገበ የፈጠራ መብት ከሆነ፣ ፓተንት ዕድሜ አለው። በ1960ዎቹ የአሜሪካ ፓተንት ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 17 ዓመት ይቆይ ነበር፤ በእኛ አዋጅ 15 ዓመት ሆኖ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ በ5 ዓመት ይራዘማል። የጌቶሬድ ክፍያ በፓተንት ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ በ1980ዎቹ ባለቀ ነበር። ውሉ ላይ “ለዘላለም” ተብሎ ቢጻፍስ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964 ፓተንቱ ካለቀ በኋላ ለፓተንቱ የሚከፈል ሮያሊቲ አይጸናም ብሏል። በ2015 ድር የሚረጭ የስፓይደርማን መጫወቻ የፈጠረው ስቲቨን ኪምብል ከማርቭል ጋር የተዋዋለው የ3 በመቶ ክፍያ በዚሁ ምክንያት ቆሞበታል። ውላቸው የማብቂያ ቀን አልነበረውም፤ ፍርድ ቤቱ ግን በቀድሞው ውሳኔ ጸና።

ለንግድ ምልክት ወይም ለንግድ ሚስጥር የሚከፈል ከሆነ ሌላ ነው። የንግድ ምልክት እየታደሰ ይኖራል። ሚስጥርም ሚስጥር እስከሆነ ድረስ ይኖራል፤ አንዳንዴ ከዚያም ያልፋል። በ1881 የሴንት ሉዊሱ ዶክተር ጆሴፍ ሎውረንስ ሊስተሪን የሚባለውን የአፍ መጉመጥመጫ አሠራር ለጆርዳን ላምበርት ሲሰጡ፣ ምርቱ እስከተሠራ ድረስ እሳቸውና ወራሾቻቸው እንዲከፈላቸው ተዋዋሉ። አሠራሩ በ1931 በሕክምና መጽሔት ታትሞ ሚስጥርነቱ ቀረ። ኩባንያው ሚስጥር የለም፣ እዳም የለም ብሎ ከሰሰ። በ1959 የኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ የተዋዋልከው ምርቱን እስከሠራህ ድረስ ልትከፍል ነው፣ እየሠራህ ነው፣ ስለዚህ ክፈል አለው። እስከዚያ ቀን የተከፈለው ከ22 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። አንድ የፓተንት ባለቤት በ17 ዓመት የሚያልቅበትን፣ በደንብ የተጻፈ አንድ ዐረፍተ ነገር ለሦስት ትውልድ አስከፈለ።

ሐኪሞቹ የተጠቀሙበት ሌላ ነገር ግን አለ፤ እኔ ከ5 ሴንቷም አስበልጬ የማየው እሱን ነው። ኩባንያ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ስቶክሊ ቫን ካምፕን በ1983 ክዌከር ኦትስ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛው፤ ከባቄላው ይልቅ የፈለገው ጌቶሬድን ነበር። ክዌከርን በ2001 ፔፕሲኮ ጠቀለለው። መጠጡ በሦስት ጌታ እጅ አለፈ። ሮያሊቲው ግን አልቆመም፤ እዳው ከመጠጡ ጋር ተያይዞ ከገዢ ወደ ገዢ ተሸጋገረ። የገዛ ሁሉ ከመብቱ ጋር ግዴታውንም ገዛ።

ይህ ባይሆን ምን ይከተላል? መልሱን ለማግኘት አሜሪካ መሄድ አያስፈልገንም፤ በጤፋችን ላይ የደረሰውን ማየት ይበቃል። በ2005 የኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅቱ ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ተዋዋሉ። ኩባንያው የጤፍ ዝርያዎችን ተቀብሎ በአውሮፓ ሊያለማ፣ ከሚያገኘውም ለኢትዮጵያ ሊያካፍል ነበር። ውሉ በወረቀት ላይ ለዓለም ምሳሌ የሚሆን ተብሎ ተወድሷል። በመካከሉ ግን ከኩባንያው ጋር የተያያዘው ወገን በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ በአውሮፓ ፓተንት አወጣ። በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ፓተንቱና ንግዱ የቀድሞዎቹ ኃላፊዎች ወዳሉባቸው ሌሎች ድርጅቶች ተሻገረ፤ ከኢትዮጵያ ጋር የተዋዋለው ግን የከሰረው ኩባንያ ብቻ ነበር። ግዴታው ከእሱ ጋር ተቀበረ፣ መብቱ ተርፎ ሄደ። ኢትዮጵያ ከዚያ ሁሉ ውል ያገኘችው 4 ሺህ ዩሮ ገደማ ነው።

ፓተንቱን በኔዘርላንድስ ውድቅ ያደረገው የሄግ ፍርድ ቤት ነው፤ በ2018 መጨረሻ አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ወሰነ። ያም የሆነው ሁለት የአውሮፓ ድርጅቶች እርስ በርስ ሲካሰሱ ነው። ደስ ይላል፣ ግን ለእኛ የመጣ ገንዘብ የለም። በጌቶሬድና በጤፍ መካከል ያለውን ልዩነት የአገር ጉልበት ብቻ አድርገን እንዳናየው። አራት የዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከአንድ መንግሥት የበለጠ ጉልበት አልነበራቸውም። እዳው ምርቱን ተከትሎ መሄድ አለመሄዱ ነው ዋናው ልዩነት።

የስታርባክስን ነገር የሚያስታውስ አንባቢ ይኖራል። እሱ ሌላ መንገድ ነው። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሳ ከአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ተቃውሞ ገጥሟት፣ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። የተመረጠው የፈቃድ ውል ሮያሊቲ የማይጠየቅበት ነው። ታስቦበት የተደረገ ነበር፦ ስሙ ይታወቅ፣ ባለቤትነቱ ይከበር፣ ዋጋው በዚያ በኩል ይደግ የሚል። ለገበሬው ምን ያህል ደረሰው የሚለው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ደግሞ ምንም ውል ሳይኖር የሚኖር ፈጠራም አለ። ጌቶሬድ የሚሠራበት የስኳርና የጨው ዝምድና፣ ስኳሩ ጨውን፣ ጨውም ውሃን ይዞ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበት ጠባይ፣ በ1968 ዳካ ውስጥ የኮሌራ ሕሙማንን ለማዳን ውሏል። እናቶቻችን ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የሚሰጣቸው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ኦአርኤስ እሱ ነው። ከእያንዳንዱ ፓኬት ላይ 5 ሴንት የሚቆረጥለት ሐኪም የለም። ሁሉም ነገር ሮያሊቲ ይከፈልበት የሚል እምነት የለኝም።

ሊሸጥበት የተነሳ ሰው ግን ውሉን ጠንቅቆ ይጻፍ። ከላይ ካየናቸው ሌላ በእንዲህ ያለ ውል ውስጥ ሁልጊዜ ሊኖሩ የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ኩባንያው መብቱን ይዞ ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቆልፈውስ? ለዚህ በዓመት ከዚህ በታች የማይወርድ ዝቅተኛ ክፍያ ይደረጋል፤ ይህን ያህል ዓመት ሳያመርት ከቆየም መብቱ ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ ይጻፋል። የሽያጩን ልክ ማን ያረጋግጣል? በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት እንዲሰጥ፣ የፈጠራው ባለቤትም የራሱን ኦዲተር ልኮ መዝገብ እንዲያይ መብት ይያዝ። ቀለሙን፣ ጣዕሙን፣ ማሸጊያውን ለውጦ “ይህ ሌላ ምርት ነው” ቢልስ? በአንድ ጣዕም የተጀመረ መጠጥ ዛሬ በዱቄት፣ ስኳር በሌለው፣ በደርዘን ጣዕም ይሸጣል፤ “ማሻሻያዎችንና በዚሁ ስም የሚወጡ ምርቶችን ይጨምራል” የሚል ቃል ከሌለ ሮያሊቲው አሮጌው ጠርሙስ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ከሁሉ በፊት ደግሞ አፍን መጠበቅ ነው። የተልባ፣ የበሶ፣ የብርዝ ወይም የሌላ አዲስ መጠጥ አሠራር ይዛችሁ ወደ ፋብሪካ የምትሄዱ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ወረቀት የዋጋ ወረቀት አይደለም፤ ሚስጥር ለመጠበቅ የሚፈረም ስምምነት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሰውን የንግድ መረጃ ያለፈቃዱ ማውጣትንና መጠቀምን ይከለክላል፤ ነገር ግን መረጃው በሚስጥር የተሰጠ መሆኑን ማሳየት የእናንተ ፈንታ ነው። ናሙናውን አስቀምሱ፣ መጠኑን አትንገሩ። ስሙን በንግድ ምልክትነት፣ ፓተንት የሚያሰጥ ከሆነም አሠራሩን ወደ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ወስዳችሁ አስመዝግቡ። የቀረበላችሁን ውል የሕግ ባለሙያ ያንብብላችሁ፤ ለእሱ የሚከፈለው ከሚያድነው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። እናንተም ስታነቡ መጀመሪያ የክፍያውን ቁጥር አትፈልጉ። “ኩባንያው ቢሸጥ፣ ቢዋሃድ ወይም ቢከስር” የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ፤ ከሌለ አስጽፉ፣ እምቢ ካሉ አትፈርሙ።